መስመሩን ሳይሆን ተከላካዩን የሚያነብ ተጫዋች፦ ስለ ሪሲቨሮች ምዘና ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ቡድን በአሰልጣኝ ቢል ቤሊቺክና በኳርተርባኩ (በኳስ ወርዋሪው) ቶም ብሬዲ ዘመን ስድስት ጊዜ ሱፐር ቦውልን፣ የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ፣ አሸንፎ ሳለ፣ ከኮሌጅ የመለመላቸው ኳስ ተቀባዮች፣ ማለትም ሪሲቨሮች፣ ብዙዎቹ ለምን ሳይሳካላቸው እንደቀረ የሚያትት አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብኩ። ጸሐፊው የአሜሪካን ፉትቦል ለዓመታት እንደተከታተሉ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ያነሡት ጥያቄም ተገቢ ነው። የደረሱበት መደምደሚያ ግን ከራሳቸው ምሳሌዎች ጋር እንኳ የሚጋጭ ሆኖ ስላገኘሁት ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የጽሑፋቸው ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው። ቡድኑ የከሰረው ለፍጥነትና ለቁመና ተገቢውን ክብደት ባለመስጠቱ ነው ይላሉ። የማጥቃት ሥርዓቱ ውስብስብ ነው የሚባለውን የምልመላ ስህተት መሸፈኛ አድርገው ያዩታል፤ እውነተኛ ተሰጥኦ ያለው ተጫዋች የትም ቢሄድ እንደሚሳካለት፣ ለዚህም ከሌላ ቡድን የመጣው ሪሲቨር ራንዲ ሞስ በቂ ምስክር እንደሆነ ይናገራሉ። ሌላው ሪሲቨር ቻድ ጆንሰን በኒው ኢንግላንድ ያልሆነለት ስላረጀ ብቻ ነው፤ የኮሌጅ ቁጥሮች ከሁሉ የተሻሉ ማስረጃዎች ናቸው፤ አእምሮ ይመዘን ከተባለም የጽሑፍ ፈተና ይበቃል ይላሉ። በመጨረሻም አሰልጣኞቹ ሥርዓቱን እንዲያቀልሉ ይመክሩና፣ ማን እንደሚሳካለት አስቀድሞ ማወቅ ግን የዕድል ነገር ነው ብለው ይዘጋሉ። በዚህ ምላሽ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከውስብስብነቱ እጀምራለሁ፤ እሱ ካልጠራ ሌላው ሊጠራ አይችልምና። በኤን ኤፍ ኤል፣ በአሜሪካ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ፣ አንድ የማጥቃት ቅንብር፣ በተለምዶ ፕሌይ የምንለው፣ ለተጫዋቾች የሚነገርበት መንገድ ከቡድን ቡድን ይለያያል፤ አብዛኛው ግን ከሦስት ምንጮች የተቀዳ ነው። በዶን ኮርየል ስም የሚታወቀው ሥርዓት እያንዳንዱ ሪሲቨር የሚሮጥበትን መስመር በቁጥር ይነግረዋል፤ ዘጠኝ ከተባለ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት መብረር ነው። ቢል ዋልሽ በሳን ፍራንሲስኮ ያስፋፋው ደግሞ መስመሮቹን በስም እየጠራ፣ አንዳንዴም ትንፋሽ እስኪያሳጥር ድረስ እያስረዘመ ያስታውቃል። ሮን ኤርሀርትና ሬይ ፐርኪንስ በ1970ዎቹ በዚያው በኒው ኢንግላንድ፣ በቻክ ፌርባንክስ ሥር ሲሠሩ መሠረቱን የጣሉት ሦስተኛው ሥርዓት ግን የሁሉንም ሥራ በአንዲት ቃል ይጠራል። ቃሏ የምትናገረው እገሌ የተባለው ተጫዋች ምን እንደሚሠራ ሳይሆን፣ በጠርዝ ወይም በውስጥ በኩል የቆመው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ምን እንደሚሠራ ነው። ስለዚህ አንድ ሪሲቨር የራሱን መስመር ብቻ ሳይሆን የየቦታውን ሥራ ማወቅ አለበት፤ አሁን ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው በሚቀጥለው ፕሌይ ውስጥ ገብቶ ሊቆም ይችላልና።

ይህ ገና የማስታወስ ጉዳይ ነው፤ ከባዱ ቀጥሎ ይመጣል። በፓትሪየትስ ሥርዓት ከመስመሮቹ ብዙዎቹ በውስጣቸው ምርጫ አላቸው። ሪሲቨሩ ኳሱ ከመነሣቱ በፊት ከኋላ የቆሙት የመጨረሻ ተከላካዮች፣ ሴፍቲዎች፣ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት ብሎ ይቆጥራል፤ ኳሱ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ፊት ለፊቱ ያለው ተከላካይ ሰው ለሰው ይዞት አብሮት እየሮጠ ነው ወይስ ቦታውን እየጠበቀ ወደ ኋላ እየሸሸ ነው የሚለውን ያነባል። ሰው ለሰው ከያዘው ተከላካዩ ካዘነበለበት ተቃራኒ አቅጣጫ ይታጠፋል፤ ተከላካዩ ቦታ እየጠበቀ ከሆነ ግን በሁለት ሰዎች መካከል ያለውን ክፍተት ፈልጎ ይቆማል፣ ፊቱንም ወደ ኳርተርባኩ ያዞራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ውስጥ ነው፤ ኳርተርባኩም በዚያው ቅጽበት ያንኑ አንብቦ፣ ሪሲቨሩ ገና ፊቱን ሳያዞር ኳሱን ይለቃል። ሁለቱ የተለያየ ነገር ካነበቡ ኳሱ ማንም በሌለበት ሣር ላይ ይወድቃል፣ ወይም ተቃራኒ እጅ ውስጥ ይገባል፤ በቴሌቪዥን የሚያየው ሰውም ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። የተሰጠን መስመር መሮጥ ዳዊት እንደ መድገም ነው፤ ይህኛው ግን ቅኔ መቀኘት ነው፤ ዳዊትን በቃሉ የያዘ ሁሉ ቅኔ እንደማይሆንለት የቅኔ ቤት ደጃፍ የረገጠ ያውቀዋል።

ጸሐፊው ውስብስብነቱን መሸፈኛ ሲሉት፣ ይኸው ሥርዓት ያስገኘውን ውጤት አብረው ቢመዝኑት ደግ ነበር። በፌብሩዋሪ 2019 አትላንታ ላይ በተደረገው 53ኛው ሱፐር ቦውል፣ በአራተኛው ሩብ 3 ለ 3 እያሉ፣ ፓትሪየትስ ሁለት ታይት ኤንዶች፣ ማለትም ተከላካይ የሚገፉም ኳስ የሚቀበሉም ግዙፍ ተጫዋቾች፣ እና ሁለት ከኋላ የሚሰለፉ ሯጮች ይዞ ገባ፤ በሜዳው ላይ የነበረው ሪሲቨር ጁሊያን ኤደልማን ብቻ ነበር። የሎስ አንጀለስ ራምስ አሰልጣኞች ይህን አይተው ሩጫን ለማቆም የሚመቹ ከባድ ተጫዋቾችን አሰለፉ። ፓትሪየትስ ግን አምስቱንም ሰዎች በሜዳው ስፋት በተናቸውና «ሆስ ዋይ ጁክ» የሚባለውን ፕሌይ ጠራ። በዚህ ፕሌይ ጠርዝ ላይ ያሉት ሁለቱ ጥቂት ሮጠው ፊታቸውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ፣ ከእነሱ ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ ቀጥ ብለው ወደ ፊት ይሄዳሉ፣ መሐል ያለው አንዱ ሰው ብቻ እንደ ተከላካዩ አኳኋን መንገዱን ራሱ ይመርጣል። ያ አንዱ ኤደልማን ነበር፤ ከፊቱ የቆመውም በሩጫ ሊከተለው የማይችል ላይንባከር፣ ከባድ የመሐል ተከላካይ። ቡድኑ ይህንኑ ፕሌይ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ጠራው፤ ኤደልማን 13 ያርድ (አንድ ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል)፣ ሬክስ በርክሄድ 7 ያርድ፣ ሮብ ግሮንካውስኪ 29 ያርድ አስገኙ፤ ከዚያ ሶኒ ሚሼል የቀረችውን 2 ያርድ ሮጦ የዕለቱን ብቸኛ ታችዳውን፣ ማለትም ኳሱን እስከ ሜዳው መጨረሻ በማድረስ የሚገኝ ነጥብ፣ አስቆጠረ። ጨዋታው 13 ለ 3 አለቀ፤ ኤደልማንም 10 ኳስ ለ141 ያርድ ተቀብሎ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። አንዱ ፕሌይ ሦስት ጊዜ ሲጠራ ኳሱ ወደ ሦስት የተለያዩ ሰዎች የሄደው፣ ብሬዲና ኤደልማን ተከላካዩ የሚሰጣቸውን እያነበቡ ስለነበር ነው።

አሁን ወደ ፍጥነት ልምጣ። ጸሐፊው ለፍጥነትና ለቁመና ቦታ አልተሰጠም ይላሉ፤ ነገር ግን በምሳሌነት የጠቀሷቸው የከሸፉ ምርጫዎች የተመረጡት በፍጥነታቸውና በቁመናቸው ነው። በ2006 ፓትሪየትስ ቻድ ጃክሰንን ለማግኘት በድራፍቱ፣ ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበትና ተራቸውን በሚለዋወጡበት ምርጫ፣ ሁለተኛ ዙር ከ52ኛ ወደ 36ኛ ቦታ የወጣው፣ ልጁ 40 ያርዱን በ4.32 ሰከንድ ስለሮጠ ነበር ብል አልተሳሳትኩም። ጃክሰን በኒው ኢንግላንድ በጠቅላላው 13 ኳስ ተቀበለ። በዚያ ልውውጥ 52ኛውን ቦታ የወሰደው ግሪን ቤይ ደግሞ ግሬግ ጄኒንግስን መረጠበት፤ ጄኒንግስ በመጀመሪያ ዓመቱ ብቻ 45 ኳስ ተቀበለ። በ2019 በመጀመሪያው ዙር በ32ኛ ቦታ የተመረጠው ኒኪል ሃሪ 1.88 ሜትር ገደማ ቁመትና 103 ኪሎ ያህል ክብደት ያለው፣ ሲያዩት የሚያስፈራ ወጣት ነበር። በሦስት ዓመት 57 ኳስ ተቀብሎ በ2022 በሰባተኛ ዙር ምርጫ ለቺካጎ ተሰጠ። ሁለቱም ልጆች ጉዳት እንደደረሰባቸው አልዘነጋም፤ ጃክሰን ጉልበቱን፣ ሃሪ ቁርጭምጭሚቱን ተጎድተው ነበርና ፍርዱ ከዚህ ጋር ታስቦ ነው መሰጠት ያለበት። ቢሆንም ቡድኑ ሰውነትን ስላልመዘነ ከሰረ የሚለው ክስ በእነሱ ላይ ሊቆም አይችልም።

የተሳካላቸውን ደግሞ እንያቸው። ዌስ ዌልከር በ2004 ድራፍት ማንም ሳይመርጠው የቀረ፣ ቁመቱ 1.75 ሜትር ገደማ የሆነ ሰው ነው፤ በኒው ኢንግላንድ በስድስት ዓመት 672 ኳስ ተቀብሏል። ኤደልማን በኬንት ስቴት ኳርተርባክ ነበር፤ በ2009 በሰባተኛው ዙር በ232ኛ ቦታ ነው የተመረጠው። ከኒው ኢንግላንድ ውጭም ነገሩ ያው ነው። በ2017 ጆን ሮስ 40 ያርዱን በ4.22 ሰከንድ ሮጦ በወቅቱ የኮምባይኑን፣ ማለትም ከድራፍቱ በፊት ዕጩዎች የሚፈተኑበትን መድረክ፣ ክብረ ወሰን ሰበረና ሲንሲናቲ በ9ኛ ቦታ መረጠው፤ በመጀመሪያ ዓመቱ አንድም ኳስ አልተቀበለም። በዚያው ድራፍት በ4.62 ሰከንድ የሮጠው ኩፐር ከፕ በ69ኛ ቦታ ወደ ራምስ ሄደ፤ በ2021 በ145 ኳስ፣ በ1,947 ያርድና በ16 ታችዳውን ሊጉን በሦስቱም መለኪያ መራ። ዘገምተኛ ሁሉ ከፕ ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ ስማቸው ሳይታወቅ ከልምምድ ሜዳ የተሰናበቱ ዘገምተኞች እጅግ ይበዛሉ። ፍጥነት ሴፍቲውን ወደ ኋላ ስለሚገፋው ለሌላው ተጫዋች ሁሉ ሜዳ ይከፍታል። እኔ የምለው፣ ለምርጫ መስመሮች ከቀጥታ ሩጫ ይልቅ የመታጠፍ ቅልጥፍና ይበልጥ ይናገራል ነው፤ በሦስት ኮኖች ዙሪያ እየተጠማዘዙ የሚሮጡት ፈተና የሚለካው ይህንኑ ነው፤ ኤደልማንም ያን ፈተና በ6.62 ሰከንድ ነበር የጨረሰው። መለኪያ ይኑር፤ ግን የሚለካው ለሥራው የሚያስፈልገውን ይሁን።

ራንዲ ሞስን በተመለከተ ጸሐፊው የጠሩት ምስክር ለእኔ ነው የሚመሰክረው። እርግጥ ነው፣ ሞስ በ2007 በአራተኛ ዙር ምርጫ ከኦክላንድ መጥቶ 23 የታችዳውን ኳሶች በመቀበል እስከ ዛሬ ያልተሰበረ ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ይሁን እንጂ ሞስ በዚያ ዓመት በቅድመ ውድድር ጨዋታዎች በጉዳት ምክንያት አንዱንም ሳይሰለፍ፣ በመጀመሪያው ይፋዊ ጨዋታ በኒው ዮርክ ጄትስ ላይ 9 ኳስ ለ183 ያርድ ተቀበለ። ሥርዓቱን ያላጠና ሰው ይህን ሊያደርግ አይችልም። ቤሊቺክ የሞስን የጨዋታ ዕውቀት በአደባባይ ደጋግሞ አድንቋል፤ በእግሩና በቁመቱ ተደንቀን አእምሮውን ሳናይለት የቀረነው እኛ ተመልካቾች ነን። በዚያ ላይ ሥራው ከዌልከር ሥራ ይለይ ነበር፤ ሞስ ሁለት ተከላካዮችን ይዞ ወደ ጥልቁ ሲነጉድ፣ በሥሩ በሚተርፈው ቦታ ተከላካይ እያነበበ በዓመቱ 112 ኳስ የተቀበለው ዌልከር ነበር።

ቻድ ጆንሰን ያልሆነለት አርጅቶ ነው የሚለው ነጥብ ረጅም መልስ አያስፈልገውም። ጆንሰን በሲንሲናቲ ከአሥር ሺህ ያርድ በላይ የተቀበለ ታላቅ ተጫዋች ነው፤ በ2011 በ33 ዓመቱ ወደ ኒው ኢንግላንድ መጥቶ በመደበኛው ውድድር 15 ኳስ ብቻ ተቀበለ። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሜዳ፣ ከዚያው ኳርተርባክ ዲዮን ብራንች 51 ኳስ ለ702 ያርድ ተቀበለ፤ ብራንች በዕድሜ ከጆንሰን የሚያንሰው በዓመት ተኩል ብቻ ነው፣ በፍጥነትም አይበልጠውም ነበር። ብሬዲ በዚያ ዓመት 5,235 ያርድ ወርውሯልና ኳስ ጠፍቶ ነው ሊባልም አይቻልም። ጆንሰን በሲንሲናቲ ሳለ ተከላካዩን በራሱ ዘዴ አታልሎ ክፍት እየሆነ፣ ኳርተርባኩ ያገኘው ነበር፤ በኒው ኢንግላንድ ግን ክፍት መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ብሬዲ በሚጠብቀው ቦታና ሰዓት ክፍት መሆን ነበረበት።

የኮሌጅ ቁጥሮችንም ቢሆን አልንቃቸውም፤ የምጠይቀው ከምን እንደመጡ ነው። ሃሪ በአሪዞና ስቴት በ2018 ብቻ 73 ኳስ ለ1,088 ያርድ ተቀብሏል። ብዙውን ያገኘው ግን ከተከላካይ ጋር ተጋፍቶ ወደ ላይ በመዝለልና አጭር ኳስ ተቀብሎ ሰው እየገፈተረ በመሮጥ ነው። ሁለቱም እውነተኛ ችሎታዎች ናቸው፤ ስለ ማንበብ ግን አንዳች አይነግሩንም።

የጽሑፍ ፈተና ይበቃል ወደሚለው ስመጣ ትንሽ እቆያለሁ፤ የዚህ ሁሉ ክርክር ቋጠሮ እዚህ ላይ ነውና። ሊጉ ለአሥርት ዓመታት ሲጠቀምበት የኖረው ወንደርሊክ የሚባለው ፈተና በ12 ደቂቃ 50 ጥያቄ የሚጠይቅ ሲሆን፣ በ2022 ከኮምባይኑ እንዲቀር ተደርጓል። ማልኮም ሚቸል ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ማንበብ ይቸግረው እንደነበረና በኋላ በራሱ ጥረት የመጽሐፍ ወዳጅ እንደሆነ ራሱ በአደባባይ የተናገረ ሰው ነው። ፓትሪየትስ በ2016 በአራተኛው ዙር መረጠው፤ በመጀመሪያ ዓመቱ መጨረሻ በ51ኛው ሱፐር ቦውል፣ ቡድኑ 28 ለ 3 ተመርቶ 34 ለ 28 ባሸነፈበት ጨዋታ፣ 6 ኳስ ለ70 ያርድ ተቀበለ። በኋላ የጉልበት ጉዳት ጨዋታውን አስተወው እንጂ፣ በዚያች ሌሊት ብሬዲ ያመነው ጀማሪ ሪሲቨር ነበር። በወረቀት ላይ ያለ ፊደልንና በሜዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ተከላካይን ማንበብ አንድ አይደሉም።

ታዲያ በምን ይመዘን? ልጄ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን ውስጥ ሪሲቨር ነው፤ ማታ ማታ በወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ቆርኪ እየደረደርን እንለማመዳለን። የለስላሳው ቆርኪ ተከላካይ ነው፣ የቢራው የእኛ ሰው ነው። ሦስት ፕሌይ አስተምረውና እራት እንበላለን፣ ስለ ሌላ ነገር እናወራለን፤ ሳህኑ ከተነሣ በኋላ ቆርኪዎቹን መልሼ አሰልፍና «አሁን አንተ ጠርዝ ላይ ሳይሆን ውስጥ ነህ፤ ምን ታደርጋለህ?» እለዋለሁ። መስመሩን በቃሉ ብቻ የያዘ ዕለት ጣቱ ቆርኪው ላይ ይቀራል፤ ነገሩ የገባው ዕለት ግን የራሱን ቆርኪ ሳይነካ በመጀመሪያ የእኔን ሴፍቲ ያያል። መልማዮች በቃለ መጠይቅ ክፍል ሰሌዳ ላይ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ያስተምራሉ፣ ወሬ ይለውጣሉ፣ ከዚያ ቦታውን ቀይረው ይጠይቃሉ። መልሱን ብቻ ሳይሆን ልጁ ቀድሞ ያየው ምን እንደሆነም ልብ ይላሉ።

ከሰሌዳው ቀጥሎ ፊልሙ አለ፤ እዚህ ላይ የምመክረው ኳሱ ወደ እሱ ያልመጣባቸውን ፕሌዮች ማየት ነው። ኳስ የማይመጣለት መሆኑን እያወቀ መስመሩን እስከ መጨረሻው ይሮጣል? 12 ያርድ ላይ ታጠፍ ሲባል 12 ያርድ ላይ ነው የሚታጠፈው ወይስ ሰልችቶት 10 ላይ? ተከላካዮቹ ቦታ ሲጠብቁ ክፍተቱ ውስጥ ይቆማል ወይስ ሮጦ ራሱን ለሚቀጥለው ተከላካይ ያስረክባል? ኳርተርባኩ ተገፍቶ ከቦታው ሲሸሽ አብሮ ወደዚያው ይመለሳል? የኮሌጅ አሰልጣኙን ስንጠይቀው ደግሞ፣ ልጁ ጎበዝ ነወይ ከማለት ይልቅ በዚህ ፕሌይ ላይ ምርጫ ነበረው ወይስ ታዝዞ ነው የሮጠው ብንለው ይሻላል። አንዳንድ ኮሌጅ ሪሲቨሩን ከአንድ ወገን አያንቀሳቅሰውም፣ ምርጫም አይሰጠውም፤ እንዲህ ካለው ቤት የመጣ ልጅ አይችልም ማለት ሳይሆን አልተፈተነም ማለት ነው፤ ሁለቱን መለየት የመልማዩ ድርሻ ነው።

ሥርዓቱ ይቅለል በሚለው ነጥብ ላይ ጸሐፊው ከግማሽ በላይ እውነት አላቸው፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ሃሪን ፓትሪየትስ ከመረጠ በኋላ በ64ኛ ቦታ ወደ ሲያትል የሄደው ዲኬ ሜትካፍ 40 ያርዱን በ4.33 ሮጦ በሦስት ኮኑ ፈተና ግን 7.38 ሰከንድ የፈጀ፣ ለመታጠፍ የማይመች ግዙፍ ልጅ ነበር። ሲያትል የማይችለውን ሳይጠይቅ የሚችለውን እንዲሮጥ አደረገው፤ በመጀመሪያ ዓመቱ 58 ኳስ ለ900 ያርድ ተቀበለ። ይህ ትልቅ የአሰልጣኝነት ሥራ ነው፤ ፓትሪየትስም ለወጣቶቹ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ቢኖረው ኖሮ ከጥቂቶቹ የተሻለ ባገኘ ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን ሲያትል ይህን ያደረገው ሌላ ዓይነት ማጥቃት ስለነበረው ነው። ብሬዲን የመሰለ አንባቢ ይዞ ሥርዓቱን ማደህየት፣ ለአንድ ጀማሪ ሲባል በሦስት ተከታታይ «ሆስ ዋይ ጁክ» የተገኘውን ዋንጫ መስጠት ይሆናል። ክርክሬም ሜትካፍ ጥሩ ተጫዋች አይደለም ሳይሆን፣ ለየትኛው ሥራ ነው የምንመዝነው የሚል ነው።

አስቀድሞ ማወቅ የዕድል ነገር ነው የሚለው ይቀራል። ዌልከርን ፓትሪየትስ ከማያሚ ያመጣው በሁለተኛና በሰባተኛ ዙር ምርጫዎች ነው፤ ማያሚ በአንድ ምድብ ውስጥ ስለሆነ በዓመት ሁለት ጊዜ እየገጠመው፣ የራሱ ተከላካዮች ሊይዙት ሲያቅታቸው እያየ ነበር። ብራንች ደግሞ በ2006 ወደ ሲያትል ከተሰጠ በኋላ አራት ዓመት ርቆ ቆይቶ፣ በኦክቶበር 2010 ሞስ ከተሸኘ ሳምንት ሳይሞላ በአራተኛ ዙር ምርጫ ተመለሰ። አንድ ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ባልቲሞር ሬቨንስን ገጥሞ 9 ኳስ ለ98 ያርድና አንድ ታችዳውን ተቀበለ፤ ቡድኑም በጭማሪ ሰዓት 23 ለ 20 አሸነፈ። የ31 ዓመት ሰው ነበር፣ እግሩም እንደ ቀድሞው አልነበረም፤ ፓትሪየትስ ያንን የአራተኛ ዙር ምርጫ ሲከፍል ግን ከብሬዲ ጋር አንድ ነገር አይቶ ወደ አንድ ቦታ እንደሚታጠፍ አስቀድሞ ያውቅ ነበር።